እናቴ ተናገረች፣ አባቴ አስተረጎመ

ዝናብ የጠገበ ሣር ፀሐይ ሲያገኘው የሚያወጣው ሽታ አለ። ዛሬም በአፍንጫዬ ሽው ሲል የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ይታየኛል። ያኔ ማረፊያው በከተማው መሐል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነበር። አውሮፕላን ሲያንዣብብ ከብቶቹ ይባረራሉ፣ እኛም ታጥበን ዳር እንቆማለን፣ አባቴም ሱፉን እንደለበሰ ይወርዳል።

አባቴ የሕዝብ እንደራሴ ነበር። ሚሲዮን የተማረ የአሪ ብሔረሰብ ልጅ ስለሆነ አገሩ መርጦ አዲስ አበባ ፓርላማ ላከው። እኛ ልጆቹ የምናየው ክረምት ክረምት ነው፤ ስናናግረውም እንደ እንግዳ "እርስዎ" እያልን ነበር። እንሰቱንም፣ ቡናውንም፣ እኛንም የያዘችው እናቴ ናት።

ንጉሡ ወርደው ፓርላማው ሲዘጋ ጠቅልሎ መጣ። በገዛ ቤቱ መቀመጫው የት እንደሆነ የጠፋው ይመስል ነበር። ገና ሳንላመደው የመሬት አዋጁ ወጣ። ከወንዙ ማዶ መንግሥት የሰጠው መሬት ስለነበረው ከባላባቶች ጋር ተቆጠረ፤ አንድ ጠዋት የቀበሌ ታጣቂዎች መጥተው ወሰዱትና ቀበሌ አሰሩት። እናቴ በየቀኑ ምግብ ታመላልስለት ነበር። ስትመለስ ደህና ነው ከማለት በቀር ምንም አትነግረንም።

ከዚያ ሕዝቡ ለስብሰባ ተጠራ። አባቴ ወደ አርባ ምንጭ ወህኒ ቤት ይላክ ወይስ ይለቀቅ የሚለው በዚያ ሊወሰን ነው። ከዋርካው ሥር ተቀመጥን። አባቴ ሱፉ ተጨማዶ፣ ጺሙ አድጎ ከፊት ቆሟል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነበር። "አንተ፣ ቀና በል" አለው። አባቴን ሰው "አንተ" ሲለው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው።

አንዱ ከሰሰ፣ ሌላው መሰከረለት። መጨረሻ ላይ እናቴ ተነሣች። በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም፤ አማርኛዋም ከገበያ አያልፍም። በአሪኛ ጀመረች። ሊቀ መንበሩ ምን እንደምትል አልገባውም። አስተርጓሚ ቢጠይቅ ሰው ሁሉ አቀረቀረ። በመጨረሻ ወደ አባቴ ዞሮ "በል አንተው ተናገር" አለው።

እናቴ ቀስ ብላ ትናገራለች፤ አባቴ እየጠበቀ በአማርኛ ይመልሰዋል።

"ይህን ሰውዬ ስትመርጡት እኔን የጠየቀኝ የለም" አለ አባቴ። "ስወልድ አልነበረም። ልጄን ስቀብር አልነበረም። የእናንተን ጉዳይ ይዞ ሄዷል አሉኝ፣ ዝም አልኩ።"

ድምፁ እንደ ፓርላማ ሰው ጥርት ያለ ነበር። ልጄን ስቀብር ሲል ግን ተሰበረ።

እናቴ አንድ ነገር ጨመረች። አሪኛ የሚሰሙት አሮጊቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። አባቴ ግን አልተረጎመውም።

"ምንድነው ያለችው?" አለ ሊቀ መንበሩ።

አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ልጄ፣ እኔ ልንገርህ። 'እናንተ በዚህ ሰውዬ ስትሠሩበት ኖራችኋል፤ አሁን ለእኔ መልሱልኝ' ነው ያለችው።"

ሊቀ መንበሩ ከኮሚቴው ጋር ለረጅም ጊዜ ተንሾካሾከ። ከዚያ መሬቱ እንዲወረስ፣ ሰውየው ግን ወደ ቤቱ እንዲሄድ መወሰኑን ተናገረ።

እናቴ ከፊት፣ አባቴ ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ከኋላ፣ እኛ ደግሞ በመሐል ሆነን ቤት ገባን። እሱ የሞተው ያ መንግሥት ሳይወድቅ ነው፤ እሷም ብዙ ሳትቆይ ተከተለችው። የዚያን ቀን ነገር ሁለቱም በእኛ ፊት አንሥተውት አያውቁም።

ያን ለት ግን እናቴ ጎደሬ ልትልጥ ስትቀመጥ አባቴ ሱፉን አወለቀና አጠገቧ ተቀመጠ። ምን ልሥራ ብሎ ጠየቃት። ቢላዋ ሰጠችው። ልጣጩን ከነሥጋው እየገመሰ ግማሹን ጎደሬ ሲጥል እኛ ተያየን። እኛ ብንሆን ኖሮ እጃችንን ትመታን ነበር። እናቴ የጣለውን አየችው፣ ቀና ብላ እሱን አየችው፣ ከዚያ ሌላ ጎደሬ አንሥታ አቀበለችው።