ጨውና ስኳር አብረው የሚገቡበት በር

ሐሙስ፣ ግንቦት 8፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ልጄ ያለ ዕንባ አለቀሰች።

ገና አንድ ዓመት ያለፋት ልጅ ናት። ከማክሰኞ ጀምሮ ተቅማጥ ይዟት ነበር። አማቴ መታመሟን እንደሰሙ ከአረካ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሶዶ ገቡ። ባለቤቴ ክፍል ገብታ ስታስተምር፣ እኔም ከዘገባ ወደ ዘገባ ስሮጥ፣ ሲያስታምሟት የሰነበቱት እሳቸው ናቸው። ረቡዕ ባለቤቴ ለምለም የሚባለውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ገዝታ፣ እንዴት እንደሚበጠበጥ ነግራቸው ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሐሙስ ጠዋት ግን ልጅቷን ከማክሰኞም ብሶባት ነበር። ከአማቴ ጋር በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት።

ነርሷ የሆዷን ቆዳ በሁለት ጣቶቿ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቆዳው ወደ ቦታው ለመመለስ ዘገየ። ዓይኖቿ ጎድጉደዋል። በሥራዬ እንዲህ ካሉ ክፍሎች ደጅ ቆሜ ስለ ሌሎች ሰዎች ልጆች «ዓይናቸው የጎደጎደ» ብዬ ጽፌ አውቃለሁ። ቃሉ ትክክል ነበር።

«ሰውነቷ ውሃ አጥሮታል» አለች ነርሷ። «ለምለም አልሰጣችኋትም?»

«እንዴት አልሰጠውም!» አማቴ ተቆጡ። አፋቸውን የፈቱት በወላይትኛ ነው፤ በአማርኛ ሲያወሩ የልጅ ልጃቸውን አንዴ እሱ፣ አንዴ እሷ ይሏታል። «ትናንት ሙሉ ቀን ጠጣ። በጠጣ ቁጥር ይብስበታል።»

«በምን በጠበጡት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ከዘንቢላቸው ጠርሙሱን አወጡ። ለሥራ ስወጣ የምይዘው ትንሹ የውሃ ጠርሙስ ነበር። ግማሽ ሊትር ነው የሚይዘው።

«ፓኬቱን በሙሉ በዚህ?»

«በሙሉ! ልጄ በትልቁ ጆግ አድርጊው ብላኝ ነበር። ለልጅ ልጄ ቀጭን ነገር አላጠጣም አልኩ፣ ወፍራም አደረግሁለት።»

ይህን ሲሉ ኮራ ብለው ነበር። ገባኝ። በእሳቸው ቤት እርጎ ላይ ውሃ የሚጨመረው ቶሎ ተነስቶ እንዲሄድ ለሚፈለግ እንግዳ ብቻ ነው። ልጃቸውን ለጋብቻ ልጠይቅ በሄድኩበት ቀን የቀረበልኝ አይብ በቅቤ ተውጦ ስለነበር፣ ገና ቃል ሳይናገሩ እንደተቀበሉኝ አውቄያለሁ።

ነርሷ ጠርሙሱን ደፋችው። አዲስ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጠበጠችና ዳይፐሯን አስወለቀቻት። «በማንኪያ፣ ቀስ እያላችሁ። እዚሁ ትቆያላችሁ። ሽንቷን ስትሸና ንገሩኝ። እስከ ሰባት ሰዓት ካልሸናች ወደ ሆስፒታል እንልካታለን።»

ባለቤቴ እጇ ላይ የጠመኔ ብናኝ እንዳለ ደረሰች። የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ናት። የሆነውን በአጭሩ ነገርኳት። እናቷን አልተቆጣችም። አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ወፍራም ነገር እንዴት ይጎዳል?» አሉ አማቴ። «ምግብ አይደለም እንዴ?»

«እማዬ፣ ጥቅል ጎመን ከትፈሽ ጨው ስትነሰንሺበት ምን ይሆናል?»

«ውሃ ይወጣዋል።»

«ውሃውን ማን ጨመረበት?»

«ማንም አልጨመረበት። የራሱ የጎመኑ…» አሉና አቆሙ። ጠርሙሱ ወደተደፋበት ባልዲ አዩ። «የልጅቷን ውሃ እኔ ነኝ ያወጣሁት?»

ባለቤቴ እጃቸውን ያዘች። «ስሚኝ እማዬ። አንጀቷ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቤቶች አሉ፤ ሴል ነው የምንላቸው። የእያንዳንዱ ቤት ግድግዳ ስስ ቅባት ነው፣ ሁለት ድርብ። ውሃ የሚወደው ፊቱ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ዞሯል፣ ውሃ የሚሸሸው ቅባቱ መሀል ላይ ነው።»

«ቅቤ በይኛ። ቅቤ ተቀብቼ ዝናብ ቢመታኝ ራሴን አያርሰኝም።»

«ቅቤ ይሁን። ጨውና ስኳር በቅቤው አያልፉም፣ በር ይፈልጋሉ። ከፕሮቲን የተሠራ በር አላቸው። አንዱ በር ጨው ብቻውን ቢመጣ አያስገባውም፤ ስኳርም ብቻውን ቢመጣ እንደዚያው። አብረው ሲመጡ ነው የሚያስገባቸው።»

«እንደ ሙሽራና ሚዜ» አሉ አማቴ፣ ሳይስቁ።

«ልክ! ውሃው አጃቢያቸው ነው፤ እነሱ ሲገቡ ተከትሎ ይገባል። በበሩ ላይ ሰው ከበዛ ግን ገሚሱ ደጅ ይቀራል። ደጅ የቀረው ደግሞ ከቤት ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ ራሱ ይጎትታል።»

«የገባው ጨውስ እየበዛ ቤቱን አይሞላም?» አልኩ። ያልተሟላ መልስ ሰምቶ ማለፍ አልለመድኩም።

«በጓሮ በኩል እየገፋ የሚያስወጣው ሌላ በር አለ። እሱ ግን ጉልበት ያስከፍላል። ለዚህ ነው ታማም ቢሆን ጡት የማላቋርጥባት።»

አማቴ ልጅቷን ብድግ አድርገው ባለቤቴ ጭን ላይ አስቀመጡና እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። «ከእንግዲህ እኔ አልነካትም።»

ባለቤቴ ማንኪያውን አቀረበችላት። ልጅቷ ፊቷን አዞረች። እኔ ሞከርኩ፤ ሸሚዜ ላይ ተፋችው። ደግማ አለቀሰች፣ አሁንም ያለ ዕንባ። አማቴ ግድግዳ ግድግዳውን ያዩ ነበር።

ነርሷ ስታልፍ አየችን። «እንዲህ ከሆነ እስከ ሰባት ሰዓት አይደርስላችሁም። ማን ነው ሲያጠጣት የነበረው?»

«እማዬ፣ ውሰጂያት» አለች ባለቤቴ።

«ይህ እጅ?»

«ይህ እጅ። ያበዛነው ጨው ነው እንጂ እጅሽ ምን አደረገ?»

አማቴ ማንኪያውን ተቀብለው መጀመሪያ ራሳቸው ቀመሱት። ፊታቸው ተኮማተረ። «ይሄ ምንም የለውም! ዕንባ ነው የሚመስለው።»

«እንደ ዕንባ ከሆነ ልክ ነው» አለች ነርሷ። «ከዕንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ይደፋል።»

ልጅቷን ታቅፈው በወላይትኛ ጆሮዋ ሥር ማንሾካሾክ ጀመሩ። አማትና አማች ያደረገን ዘመን ጥቂት ቃላት አስተምሮኛል፤ የለየሁት «ቀጭን ነው፣ ይቅር በይኝ» የሚለውን ነው። ልጅቷ አፏን ከፈተች። አንድ ማንኪያ፣ ትንፋሽ፣ እንደገና አንድ ማንኪያ። አንዴ አስመለሳት፤ አማቴ ጥቂት ጠብቀው ቀጠሉ። ባለቤቴ ጡቷን ሰጠቻትና መልሳ ለእናቷ አቀበለቻት። ከኤዲተሬ ስልክ ተደወለ፤ ዘጋሁት። ጆጉ እየጎደለ ሄደ። ነርሷ በየመሀሉ እየመጣች ዳይፐር ከሌለው የልጅቷ መቀመጫ ሥር እጇን ትሰድና ደረቅ ሲሆንባት ትመለሳለች።

ስድስት ሰዓት አለፈ። ነርሷ ከሐኪሙ ጋር በር ላይ ቆማ ስታወራ አየሁ። ባለቤቴም አየች።

«አንተ ልጅ!» አሉ አማቴ ከአግዳሚው።

ቀና አልኩ።

«ጋዜጠኛ ነኝ ትል የለም? ና፣ አረጋግጥ!»

ተንበርክኬ እጄን ዘረጋሁ። የአማቴ ቀሚስ ከጭናቸው እስከ ጉልበታቸው ረጥቧል። ሙቅ ነበር።