የጋሽ ባውትየን አፍንጫ

ከጨው ገንዳዎቹ ጀርባ ባለው ፋብሪካችን ከጋሽ ባውትየን አፍንጫ በላይ የሚታመን ነገር አልነበረም። ከከርሰ ምድር ጨዋማ ውሃ የምናወጣው ብሮሚን ለመድኃኒት ይሆናል፣ የቴሌቪዥን ሽፋንም እሳት እንዳይበላው ያደርጋል። ሳንባ ከገባ ግን ምሕረት የለውም። በአሞኒያ የራሰ ጨርቅ ቧንቧው አጠገብ ሲያሳልፉት፣ የሚያፈስበት ቦታ ላይ ነጭ ጭስ ይወጣል። እኛ ጨርቁን ለጀማሪ ትተን ነበር፤ ሞኞች። ውስጥ ስንውል አፍንጫችን ሽታውን ይለምደዋል፤ ስለዚህ በምሳ ሰዓት ጋሽ ባውትየን ከውጭ ይገባል፣ ያሸታል፣ "ንጹሕ ነው" ይላል። ያን ጊዜ ጭንብላችንን አውልቀን እንበላለን።

በዚያ ቀንም "ንጹሕ ነው" ብሎን ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ቤቱ ሄደ። እኔም ከሚስቱ የተዋስኩትን ወንፊት ልመልስ ተከተልኩት። በሩን ስከፍት የምድጃው ጋዝ አፈነኝ። እሱ ሲጋራ አፉ ላይ ሰክቶ ላይተሩን ሊጭር ነው። ከእጁ መትቼ ጣልኩት፤ ሲሊንደሩን ዘግቼ መስኮቱን በረገድኩት።

"ምን ነካሽ አንቺ?"

"ጋሼ፣ ቤቱ በጋዝ ታፍኗል እኮ። አይሸትህም?"

አቀረቀረ። "ማሽተቱ ካቻምና ነው የጠፋብኝ" አለ።

 ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ሰው አፍንጫ ነፍሳችንን አስይዘን ስንበላ ኖረናል።

"ታዲያ በምን ነበር ንጹሕ ነው የምትለን?"

ከብብቱ ትንሿን ቅል አወጣ። የአገራችን ሽማግሌዎች ዘፋኝ ፌንጣ በቅል ይዘው ይዞራሉ፤ እሱም ፌንጣዋን ከሚስቱ አስበልጦ ይወዳታል እያልን ስንቀልድበት ኖረናል።

"ስትዘፍን ንጹሕ ነው። ዝም ስትል ቧንቧው ያፈሳል።"

"አሁን አትዘፍንማ።"

"ጠዋት ሞታ አገኘኋት። ሌላ የምገዛበት ገበያ ነገ ነው፤ አንድ ቀን ምን ያመጣል ብዬ..."

ንግግሩን አቋርጦ ወደ ፋብሪካው ዞረ። አንድ ልጁ ሚንግኩይ እዚያ ብሮሚኑ በሚጠራቀምባቸው ማሰሮዎች አጠገብ ምሳ እየበላ ነበር። ጋሽ ባውትየን ጫማውን ሳያጠልቅ ሮጠ፤ እኔም ከኋላው።

ሚንግኩይ ትኩስ ዳቦ በሽንኩርት ቅጠል እየገመጠ "አባባ፣ ሲጋራ አለቀብህ?" አለው። ጋሽ ባውትየን ጨርቁን ከምስማሩ አውርዶ አሞኒያ አራሰውና በቧንቧው አጠገብ አሳለፈው። ከልጁ ራስ በላይ ካለው መገጣጠሚያ ነጭ ጭስ ተነሣ። ጉርሻው በየሰዉ አፍ ቀረ።

ጭንብላችንን እየጎተትን ወጣን። ቧንቧው ተዘጋ። ደጅ ላይ አንዱ "ጋሼ፣ ዛሬ አፍንጫህ ዘገየች" ብሎ ቀለደ።

"አፍንጫ የለኝም" አለ ጋሽ ባውትየን። "ከካቻምና ጀምሮ አንድም ነገር ሸትቶኝ አያውቅም።"

ሚንግኩይ አባቱ የሚቀልድ መስሎት ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ሳል ያዘው፤ አባቱም ባዶ ቅሉን ይዞ ሳሉ እስኪያልፍለት ሊጠብቅ ፊቱ ቆመ። ሳሉ ግን አላልፍ አለ።