አጥንት አለው

ካልጋሪ፣ ፓይንሪጅ ሰፈር ባለው የልጄ ቤት ሳሎን ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። ልጄ የሥራ ጃኬቱን እንደለበሰ የወጥ ቤቱን ባንኮኒ ተደግፎ ቆሟል። ምራቴ ሶፋው ጥግ ላይ ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ አድርጋ ተቀምጣለች፤ የልጅ ልጄ ደረቷ ላይ በጨርቅ ታስሮ ተኝቷል። አቢዴል ሰፈር የምትኖረው ጓደኛዬ ከኋላቸው ምግብ ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጣለች። እኔ የእሷን ወንበር መደገፊያ ይዤ ቆሜአለሁ።

ምራቴ ወደ ሥራ የምትመለስበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ሕፃኑን ለእኔ ትተወው ወይስ ዴይኬር፣ የሕፃናት ማዋያ፣ ታስገባው፣ ያን ዕለት ሊነግሩኝ ነው የጠሩኝ። ለእኔ እንዲሰጡኝ በጣም እፈልግ ነበር። ሽማግሌ እንደሚልክ ሰው ጓደኛዬን ይዤ የሄድኩት ለዚያ ነው። ልጄ ግን ወሬውን አልጀመረም። ቴሌቪዥኑ የዱር ጎሪላዎችን ያሳይ ስለነበር ሁላችንም እሱን ማየት ቀለለን።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጄ እየቆየ ይተረጉምልናል። አንዲት እናት ዝናብ እየወረደባት ቅጠል ትበላለች። ልጇ ገና አራስ ስለሆነ መጨበጡ አያስተማምንም፤ ስለዚህ በአንድ እጇ ሆዷ ላይ ደግፋው በሦስት እግር ትሄዳለች። ወራት ሲያልፉ ጀርባዋ ላይ ወጣ። ከዚያ መሬት አስቀመጠችው፤ ትንሽ ራቅ ሲልባት እግሩን ይዛ ሳበችው።

«ይቺ ዝንጀሮ የማን ምራት ናት?» አለች ጓደኛዬ።

«ጎሪላ ናት፣ እትዬ» አለ ልጄ።

«ስም ብታሳምርላት ያው ጸጉራም ናት።»

ልጄ ሳቀ። ሌላ ሴት ጎሪላ ቀረብ ብላ ግልገሉን ልትነካ እጇን ዘረጋች። እናቲቱ ሳትቆጣ ትከሻዋን አዞረችባት።

«ምስኪን! አማቷ ትሆናለች» አለች ጓደኛዬ፣ እኔን በክርኗ እየጎሸመች።

እኔ ቀልድ የማበዛ ሰው አይደለሁም። ግን ሕፃኑ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አይድህም፤ ምራቴም ከደረቷ አታወርደውም። ነገሩ ሲከነክነኝ ከርሟል።

«ይቺስ ትሻላለች» አልኩ። «ጀርባዋ ላይም ታወጣዋለች፣ መሬትም ታስነካዋለች። የኛይቱ የምታሳድገው አጥንት የሌለው ልጅ ነው።»

ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም። ምራቴ እዚሁ ካልጋሪ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ከእኔ ጋር የምትነጋገረው በልጄ በኩል ነው። አማርኛዋ ከሰላምታ አያልፍም ብዬ ነበር የማስበው። ጓደኛዬ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ልጄ አልሳቀም።

«አጥንት አለው» አለች ምራቴ፣ ዞር ሳትል።

«ሃኒ...» አለ ልጄ።

«ኖ፣ ልናገር።» ወደ እኔ ዞረች። ቃል በቃል እየለቀመች ነበር የምትናገረው። «እማማ፣ ሲወለድ ትንሽ ነበር። መስታወት ውስጥ ነበር። ሦስት ሳምንት መንካት አልቻልኩም። እርስዎ አጠገቤ ቆመው ነበር። ከዛ ነርሷ ደረትሽ ላይ አድርጊው አለችኝ። አደረግኩት።»

እውነቷን ነው፤ ቆሜ ነበር። ካፖርቷን ይዤላት፣ ሆስፒታል መዳፏን የማሞቂያው ሳጥን መስታወት ላይ ለጥፋ ስትቆም አይቻታለሁ። የማላውቀውን ነገር አልነበረም ለሳቅ ያዋልኩት።

«ቀልድ እኮ ነው፣ የኔ ልጅ» አለች ጓደኛዬ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ። ሁልጊዜ ቀልድ አለ። እሰማለሁ።»

ሁልጊዜ ስትል በዚያ ቤት ከአጠገቧ ቆሜ ስለ እጇ ሙያ፣ ስለ አለባበሷ፣ ስለ እናቷም ያወራሁት ሁሉ መጣብኝ። ወንበሩን አጥብቄ ያዝኩ።

ምራቴ ተነሥታ ጨርቁን ፈታች። ሕፃኑ የሸሚዟን አንገት ጨብጦ ስለነበር ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀች። ከዚያ በሁለት እጇ ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ይያዙት። ይንኩት።»

ስንት ወር የጠበቅኩት ልጅ ክንዴ አጠገብ ደርሷል፤ የእንቅልፉ ሙቀት ይሰማኛል። እጄን ግን ማንሣት አቃተኝ። ያን ጊዜ ብቀበለው አጥንት ይኑረው አይኑረው የምመረምረው ይመስል ነበር።

«እማዬ፣ ተቀበያት እንጂ!» አለ ልጄ።

አልተቀበልኳትም። ክንዷ እየደከመ ሄደ፣ ሕፃኑም ነቅቶ አለቀሰ። መልሳ ደረቷ ላይ አደረገችው። ዝም አለ።

ልጄ ሰዓቱን አየ። «እንግዲህ ሺፍቴ ሊደርስ ነው። የጠራንሽ...»

«ዴይኬር ይግባ» አልኩት፤ ከእንግዲህ ለእኔ ስጡኝ ለማለት አፈርኩ።

ጓደኛዬን ሳልጠብቅ ነጠላዬን ከወንበሩ ላይ አንሥቼ፣ በሩ ጋ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።