ከቆቃ ያመጣሁት ማሳከክ

ለዘገባ ቆቃ ሰንብቼ አዳማ ስመለስ የብልቴ ጫፍ ቀልቶ ያሳክከኝ ጀመር። ሙቀትና ላብ ነው ብዬ ጀርም በሚገድል ሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ፤ ባሰብኝ። ባለቤቴ ዘይነባ ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«ከቆቃ የማንን ይዘህ መጣህ?» አለችና ትራሴን ሳሎን ወረወረችው። «ሐኪም ምን እንደሆነ ካልነገረኝ ወለንጪቲ እናቴ ቤት ነኝ።»

የክሊኒኩ ሐኪም በዕድሜ ልጄ የምትሆን ወጣት ሴት ነበረች። ዓይኔን ጣሪያው ላይ ተክዬ አሳየኋት።

«ሳሙናውን ይተዉት፤ ቆዳውን የባሰ የጎዳው እሱ ነው። በውሃ ብቻ ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ፈንገስም ስላለ ቅባት አዝልዎታለሁ» አለች። ቀጥላም «ውሃ ይጠማዎታል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ዶክተር፣ አዳማ ተቀምጦ የማይጠማው ማን አለ?»

አልሳቀችም። ጣቴን ወግታ ደሜን ለካች። ስኳሬ ከልክ በላይ ነበር።

«ስኳሩ በሽንትዎ ይወጣል፤ ፈንገስ ደግሞ ስኳር ይወዳል» አለችኝ። «ስኳር እንዳለባቸው በዚህ ማሳከክ የሚያውቁ ወንዶች አሉ።»

በሥራዬ ብዙ ዓይነት የመረጃ ምንጭ አጋጥሞኛል። የገዛ ሰውነቴ በዚያ በኩል ምስጢር ያወጣል ብዬ ግን ጠርጥሬ አላውቅም።

ቤት ስገባ ዘይነባ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ሐኪሟ ያለችውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ፣ ማታ ማታ ሽንቴን ወደምሸናበት አጥር ሥር ወሰደችኝ።

«በጋውን ሙሉ ፍሊት ስነፋበት የከረምኩት እዚህ ነው» አለች። «ሌላ ቦታ አንድም የለም።»

ዝቅ ብዬ አየሁ። ጉንዳኖቹ ተሰልፈው ይመጡ ነበር።