የጓሮዬ ጌሾ

ደብረ ታቦር፣ ከቤቴ ጀርባ አሥራ አንድ እግር ጌሾ ነበረኝ። የተከሉት የባለቤቴ እናት ናቸው፤ ሲያርፉ ጓሮውን ከነሥርዓቱ ተዉልኝ። የማኅበር፣ የክርስትና ወይም የተዝካር ጠላ የምትጠምቅ ጎረቤት ሳትጠይቅ ገብታ ትቀጥፋለች፤ ከመውጣቷ በፊት ግን የቀጠፈችበትን እግር ሥሩን ትኮተኩታለች። ሥርዓቱ ይኸው ነው።

ባለቤቴ ሞቶ ሦስት ልጅ ይዤ ስቀር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ቀጣፊ ሲበዛ ፊቴ ይጠቁር ጀመር። ጌሾውን ለብቻዬ አጥሬ ገበያ ባወጣው እል ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነበርና፣ በዚያው ሰሞን የቀበሌያችን ሊቀመንበር መጣ።

«ጌሾ ሆድ አይሞላም። እስከ ቅዳሜ ነቅለው ጎመን ይትከሉ፤ አለዚያ ጓሮው ለሌላ ይሰጣል።»

«ጎመኑንማ ከመሀል ዘርቻለሁ» አልሁት።

«ጥላው ያቀጭጨዋል» ብሎ ሄደ።

አልነቀልሁም። ቅዳሜ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ በጓሮው በር ቆምሁ። ሊቀመንበሩ መጥረቢያ የያዙ ሁለት ጠባቂዎች አስከትሎ ደረሰ።

«እትዬ፣ ዞር ይበሉ። የግል ሀብት አብቅቷል።»

«የግል ነው ማን አለህ?» አለች አንዲት ምላሰኛ ጎረቤቴ፣ ዶማዋን ተሸክማ በአጥሩ ቀዳዳ እየገባች። «ያ ዳር ያለው የእኔ ነው። ስኮተኩተው ወገቤ ጎብጧል።»

ከኋላዋ ሌላዋ ተከተለች፣ ከዚያም ሌላዋ። ወዲያው በየእግሩ ሥር አንዳንድ ሴት ቆመች። ከሁሉ የሚበልጡት አሮጊት መሬቱ ላይ ተቀመጡ።

«አንተ ልጅ፣ የክርስትናህ ጠላ በዚህኛው ነው የተጠመቀ። ከመቁረጥህ በፊት እናትህን ጠይቀህ ና።»

ጠባቂዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ።

«እርስዎ ይንገሩኝ፤ የማን ነው?»

ሴቶቹ ሁሉ አዩኝ። የእኔ ነው ብል ይቆረጣል። የሁሉም ነው ብል ደግሞ አጥሬ የመሸጥ ሐሳቤ እዚያው ያበቃል።

«የሁሉም ነው» አልሁ። «የጋራ፣ የጋራ ስትሉን አልከረማችሁም? እነሆ የጋራ። በሉ ቁረጡትና ለሕዝቡ መልስ ስጡ።»

«እስቲ ማርያምን ይበሉ» አለኝ።

«ማርያምን!»

«ጓድ፣ በማርያም ማስማል ተፈቀደ እንዴ?» አለች ምላሰኛዋ።

ፊቱ ቀላ። ደብተሩ ላይ «የጋራ ጌሾ» ብሎ ጻፈና ሰዎቹን ይዞ ወጣ። እኔም በዚያው ቀን ዶማ ይዤ ከሴቶቹ ጋር ኮተኮትሁ። ጎመኑም ቢሆን ጥላው አላቀጨጨውም፤ ልጆቼን ያሳደግሁት እሱን እየሸጥሁ ነው። ተመስገን።

ደርግ ሲወድቅ አንድ ዘመዴ፣ «እንግዲህ ጌሾሽን አስመልሰሽ እጠሪው» አለኝ።

«የማልሁት ለመንግሥት አይደለም» አልሁት።

ዛሬ ስምንት እግር አለ። ሦስቱ በእርጅና ደረቁ እንጂ መጥረቢያ አልነካቸውም።