የረዘመው ወር

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነን። የቀረችውን ዘይት እስከ ደመወዝ ላብቃቃ ብዬ ጀሪካኑ ላይ መስመር ባሰምር፣ እስክሪብቶው ወዛም ፕላስቲክ ላይ አልጽፍ ብሎ ሲጥ ሲጥ አለ። እማዬም እንዲሁ ትታገል ነበር። ልጅ ሆኜ ላፍቶ ተከራይተን ስንኖር፣ ደመወዝ እንደወጣ ዘይት ገዝታ ለየሳምንቱ መስመር ታሰምርበታለች። አንድ ቀን አባዬ፣ «ወሩ ሳያልቅ እንዴት ዘይት አለቀ ትያለሽ?» ብሎ ተቆጣ። እማዬ ማማሰያዋን ወርውራ፣ «ዘይቱ አላነሰም! ወሩ ነው የረዘመው!» አለችው።

ግራ ገባኝ። ከጳጉሜ በቀር ወር ሁሉ ሠላሳ ቀን ነው ተብለን ተምረናል። ሄጄ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ነው።

አሁን፣ እዚህ ለቡ፣ ባሌ ከኋላዬ መጥቶ ዘይቱ ሊያልቅ መቃረቡን ሲያይ ያንኑ ጠየቀኝ። እኔም ያንኑ ጮህኩበት። ዞር ስል ልጄ ወንበር ላይ ቆማ ካላንደሩን በጣቷ ትቆጥራለች።