ከገደሉ ያልቆረጥኩት አበባ

ባለፈው እሁድ ከምሳ በኋላ ማንጎ እየላጥን ቴሌቪዥን ስናይ፣ ካሜራው በግድቡ ሐይቅ ላይ እየበረረ ደሴቶቹን ያሳይ ጀመር። አንዱን ሳየው ማንጎው ከእጄ ሾልኮ ጭኔ ላይ ወደቀ። ጫፉ እንደ ፍየል ቀንድ ለሁለት የተሰነጠቀ ገደል ነው። ድሮ ደሴት አልነበረም፤ እግሩን ዓባይ ውስጥ የነከረ ተራራ ነበር።

«ያንን እኔ ወጥቼዋለሁ» አልኩ።

ልጄ ሐያት ከስልኳ ቀና እንኳ አላለችም። «በዋና ነው አባዬ፣ ወይስ አዞ አዝሎህ?»

አልፈርድባትም። አዞ አዝሎኝ ያውቃል እያልኩ ያሳደግኳት እኔው ነኝ።

ነገሩ የሆነው ክልሉ ገና ክልል በተባለ ሰሞን ነው። አሶሳ በአንድ ጀምበር ቢሮ በቢሮ ሆነች፤ ወንበር ግን አልነበረም። እኛ መሥሪያ ቤት አንዱን ወንበር ለአምስት ነበር የምንካፈለው፤ የቀደመ ይቀመጣል፣ የዘገየ ቆሞ ያገለግላል። እሺ፣ ለሦስት ይሁን። እኔ፣ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ሰዎች ልጅ፣ ፋይል አመላላሽ ነበርኩ። ዘይነብ ደግሞ የሆሞሻ ልጅ፣ የበርታ ተወላጅ፣ አማርኛዋ አልፎ አልፎ የሚሰናከል ታይፒስታችን ናት። የጽሕፈት መኪናዋ ድምፅ ሲሰማኝ የመንገዱን ፋይል ለጤናው፣ የጤናውን ለእርሻው አድል ነበር።

አንድ የሆሞሻ ነጋዴ ሽማግሌ ልኮባታል። እኔም በእናቴ በኩል አስልኬያለሁ። አባቷ «አንቺ ምረጪ» ብለው ለእሷ ትተውላታል፤ እሷም ገና ሳትመርጥ ትተይባለች።

አንድ ቀን ከመስክ የተመለሰ የእርሻ ባለሙያ፣ ከሸርቆሌ ወዲያ ዓባይ ዳር አንድ ገደል ላይ ብቻ ስለሚገኝ ቁጥቋጦ አወራን። በበጋ ቅጠሉን ሁሉ አራግፎ በባዶ ቅርንጫፉ ያብባል አለ። አፌ ቀደመኝ።

«እሱንማ አውቀዋለሁ። ግንዱ የዝሆን እግር ነው። ሲያብብ ብርሃኑ ሱዳን ድረስ ይታያል።»

ቢሮው ሳቀ። ዘይነብ መተየቧን አቆመች።

«ሰይድ፣ አንተ ወሬ ጣፋጭ ነው። ግን ሰው በወሬ ቤት አይሠራም። ካወቅከው አንድ ቅርንጫፍ አምጣ። ካመጣህ ለአባቴ ‹ሰይድ ነው› እላለሁ፣ ወላሂ። ካላመጣህ፣ እኔ ጋ ወሬ በቃ።»

በመጋቢት ሐሩር ሄድኩ። እስከ ሸርቆሌ በእህል መኪና፣ ከዚያ በእግር። ሣሩ ተቃጥሎ ምድሩ ጠቁሯል፤ የቀርከሃው ቅጠል ከእግሬ ሥር እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ዓባይ ዳር ባንጃው የሚባል የጉሙዝ አዳኝ ተቀበለኝ። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ከአንድ ሳህን በላን፤ ሲነጋ ገደሉን በእጅና በጉልበት ቧጠጥነው።

አየሁት። ግንዱ የዝሆን እግር አልነበረም፤ እንስራ ያህል ቢሆን ነው። ቅጠል የለውም። ከድንጋዩ ስንጥቅ ወጥቶ፣ ሁሉ በደረቀበት አገር፣ ጽጌረዳ የመሰለ ቀይ አበባ ተሸክሞ ቆሟል። አንድም የምጨምርበት ቃል አጣሁ።

ቢላዬን ሳወጣ ባንጃው እጄን ይዞ በተሰባበረ አማርኛው ተናገረ።

«ይህ አይቆረጥም። ወተቱ የፍላጻ መርዝ ነው። አባቴ ይጠብቃል፣ እኔ ይጠብቃል። ከዚህ አይወጣም።»

«አንዲት አበባ ብቻ። ለማገባት ልጅ ነው።»

«የሚወዱት ሴት መርዝ ይሰጣል?» አለኝ፣ ከልቡ ተገርሞ። «ማየት ይችላል። አይተሃል። አሁን እጅ ስጠኝ፣ አልነካም በል።»

እጄን ሰጠሁት፤ አልነካም አልኩ። እሱም አምኖኝ ቀድሞ ወረደ። ብቻዬን ቀረሁ። ከቁጥቋጦው ጀርባ አንዲት ጫፍ ብቆርጥ ማን ያውቃል? እጄ ሁለቴ ተዘረጋ። ግን ያ ሰው ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። እስከዚያ ቀን ቃሌን እንዲያ የተቀበለኝ ሰው አልነበረም፤ አሁን ሳስበው ከዚያ ወዲያም የለም። ቢላዬን ከትቼ ወረድኩ።

ቢሮ ስደርስ ዘይነብ መጀመሪያ ያየችው ባዶ እጄን ነው። የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት፤ እንስራውን እንስራ፣ ገደሉን ገደል አድርጌ።

«አሁን ደግሞ ዛፉ ዘበኛ ቀጠረ» አለ አንዱ። ወንበሩ እስኪገለበጥ ሳቁ።

እሷ አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

«ሰይድ፣ ከመንገድ ዳር ያገኘኸውን ብታመጣ እኮ እቀበል ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እኔ አበባውን አያውቅም። ለእኔ ብለህ መድከምህን ነው የፈለግኩት። አንተ ግን ቁጭ ብለህ ሌላ ተረት ሠርተህ መጣህ።»

ወረቀት አስገብታ መተየብ ቀጠለች። ነጋዴውን አገባች። ሠርጓ ላይ የሦስት ሰው ድርሻ በልቻለሁ፤ ይህ ግነት አይደለም።

ብዙ ጊዜ ባንጃውን ረግሜዋለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ራሴን፤ ውሸታም ሆኜ ኖሬ፣ ውሸት በሚያዋጣበት በዚያች ቀን እውነተኛ ለመሆን በመነሳቴ። ባንጃው ውሃው ሲመጣ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ገደሉ እንደሆነ ግማሹ ሰምጦ ግማሹ ደሴት ሆኗል።

ካሜራው ዝቅ ብሎ በገደሉ ጎን አለፈ። ከስንጥቁ ውስጥ አንድ ቀላ ያለ ነገር ለቅጽበት ብልጭ አለ።

ሐያት በዚያች ቅጽበት ቀና ብላ ነበር። «አባዬ፣ ያ ቀዩ ነገር ምንድን ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ባንጃው፣ ገንፎው፣ የሰጠሁት እጅ፣ ሁሉም ምላሴ ላይ መጣ። የልጄን ፊት አየሁት፤ ለመሳቅ ተዘጋጅቷል።

«ነፋስ ያመጣው ፌስታል ነው» አልኳት።

«እ» አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች። ወዲያው አመነችኝ።